የማትላክ ልጅ

ግድግዳው የሚጠይቀው ራት ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሳ ነው። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሕትናው ሰው ያሳፍራል።

«ወይዘሮ ሄራን፣ እንደምን አመሹ? የውብዳር ዛሬ ተቆጥታለች?»

እማማ ሄራን የልጅ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠርዝ ያዩዋታል። የውብዳር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ምንም እንዳልሰማች አንገቷን ደፍታ የሳህኗን ዳር በጣቷ ትጠርጋለች።

«ትንሽ» ይላሉ እማማ ሄራን። «ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።»

«እናመሰግናለን። ዛሬ የደበቀችው ነገር አለ?»

«ቦርሳዋን አላሳየችኝም።»

«እናመሰግናለን። ዛሬ ዋሽታለች?»

«እኔ እንጃ... መዋሸት እንኳ አልዋሸችም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያመነታሉ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ የነበረውንም እርግጠኝነት ያጣል። «እንግዲህ አንድ ሁለቴ ቃሏ ተለዋውጧል መሰለኝ» ብለው ይጨምራሉ። ድምፁ አመስግኖ፣ ደህና እደሩ ብሎ ዝም ይላል።

በኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ በተደረደሩት ብሎኮች፣ ቢጫ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ማታ ማታ ይህንኑ ይጠየቃል። አረንጓዴ ልጅ ያለበት ቤት ምንም አይጠየቅም።

ከዚያ ሳህን ይታጠባል። ቢላዎቹ መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፣ መሳቢያው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይውላል። የውብዳር ሽንኩርት መክተፍ ስትፈልግ ታስፈቅድ ነበር፤ እሳቸውም ከትፋ እስክትጨርስ ከጎኗ ይቆሙ ነበር። እየቆየች መክተፍ ተወች። ይህም ለግድግዳው ተነግሯል፦ በቤት ሥራ አታግዝም።

እናቷ፣ የእማማ ሄራን ልጅ፣ እሷን ስትወልድ ነው ያረፈችው። አባቷ አፋር ጨው ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ትዳር ያዘ። ስሟን ያወጡላት እማማ ሄራን ናቸው። በሳቸው ልጅነት ሴት ልጅ ሁሉ ሄራን ወይ ሶልያና ነበረች፤ አሁን እነ የውብዳር፣ እነ ተዋበች ተመልሰው ፋሽን ሆነዋል።

በዚህ ብሎክ ደረጃ ላይ በሚኖረው ሰው ዘንድ ልጅ የሚታወቀው በመላኩ ነው። ይህ ልማድ ከግድግዳው በፊት የነበረ ነው፤ ግድግዳውም አላስቀረውም። አንድ ትልቅ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ያገኘውን ልጅ «ና እስቲ» ይላል። ልጁ የማንም ይሁን የማን፣ ሮጦ ዳቦውን ወይ ክብሪቱን ያመጣል፤ ሲያስረክብ «እደግ» ይባላል። ዕቃ የሚያደርሱ በራሪዎች በየመስኮቱ ያንዣብባሉ፤ ግን በራሪን «እደግ» የሚል የለም፣ እና ሰዉ ዛሬም ልጅ መላክ ይወዳል።

የውብዳር እስከ ሰባት ዓመቷ የደረጃው ሁሉ እግር ነበረች። ፊት ለፊት በር ያለችው ጎረቤታቸው ሐያት መሬት ላይ እንትፍ ብላ «ምራቄ ሳይደርቅ!» ስትላት፣ ወላሂ ሳይደርቅ ትመለስ ነበር። «ይቺ ልጅ ለእናቷ ያልደረሰ ዕድሜ ይጨመርላት» ትል ነበር ሐያት፣ በደረጃው ሁሉ እንዲሰማ።

ሰባት ዓመት ሲሞላት እንደ ማንኛውም ልጅ ወደ ጠባይ ንባብ ማዕከል ተወሰደች። ቆብ አጠለቁላት። ስትወጣ እጇ ላይ አምባር ነበር፤ ቢጫ። ወደፊት ሰው የመጉዳት ዝንባሌ፣ ክትትል ያስፈልጋታል ተባለ። «በክትትሉ ይስማማሉ?» ሲሏቸው እማማ ሄራን ተስማሙ። ከፊታቸው ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሲስማማ አይተዋል።

ከዚያ ወዲህ የላካት የለም። ክፉ የተናገራትም የለም፤ ያ ቢሆን ይሻል ነበር። ሐያት በሯን ከፍታ የውብዳርን ስታይ፣ ባሻገሯ አየት አድርጋ «ሶፊያ የለችም?» ትላለች። ሶፊያ የሐያት የልጅ ልጅ ናት፤ አረንጓዴ። የሱቁ በር ለአረንጓዴ ይከፈታል፤ ለቢጫ «እባክሽ ከአሳዳጊ ጋር ነይ» ይላል። የውብዳር መጀመሪያ መጀመሪያ አምባሩን ከኋላዋ ደብቃ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር፣ አንድ ሰው ቢልካት። በኋላ መቆሙን ተወች። በኋላ ሰላምታውንም ተወች። ደረጃውም «ያሉት አልቀረም» አለ። አንድ ጊዜ በዕድሜ የምታንሳትን ልጅ ገፍትራ ጣለች። ግድግዳው የጠየቀው ገፍትራለች ወይ ብሎ ነው። ምን ተብላ እንደገፈተረች የሚጠይቅ ጥያቄ አልነበረውም፤ እማማ ሄራንም ያልተጠየቁትን አልመለሱም።

ያልተማሩ ሆነው አይደለም። በወጣትነታቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጡት። ሥነ ልቦናውንም፣ ክሪቲካል ቲንኪንጉንም ከሀንድአውት ሸምድደው ጥሩ ውጤት አምጥተውበታል። ዛሬም ቢቀሰቅሷቸው እንደ ዳዊት ይደግሙታል፦ «ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም።» የውብዳርን ሲያስተምሯት ይህን በቃል አስጠንተዋታል። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም በጊዜያቸው መምህሩን አልጠየቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውብዳር በሩን በርግዳ ገባች።

«እማማ፣ ተላክሁ!»

እማማ ሄራን ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ማን ነው የሚልክሽ?»

«ጋሽ ሙሄ፣ ታችኛው ብሎክ ያሉት ሽማግሌ። የጆሮ መስሚያቸው ባትሪ አልቆ ‹እስቲ አንቺ ልጅ› አሉኝ። አመጣሁላቸው። ‹እደጊ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ› አሉኝ።» ድምጿ ተሰበረ። «እማማ፣ ራሴን ዳበሱኝ።»

ደስታዋን አይተው ሊስቁ ሲሉ እጇን አዩ። አምባሩ አረንጓዴ ነው።

«የማን ነው ይሄ?»

«የሶፊያ። ተለዋወጥን። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ፣ እኛን በማያውቁን ብሎኮች...»

«ገደልሽኝ! ልጄ ገደልሽኝ! በሩን ዝጊው!»

ቢጫ ሆኖ አምባር የለወጠ ልጅ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ማቆያ ይገባል። ከማቆያ የተመለሱ ልጆች አሉ፤ ሰውን አያስቸግሩም። የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው የሚገኙት።

«ስሚኝ፣ እማማ፣ ተቀመጪና ስሚኝ። እኔ ያው ነኝ አይደል? እግሬ ያው፣ አፌ ያው። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ አምባር ሱቁ ከፈተልኝ፣ ሰው ላከኝ፣ ሰው ሳቀልኝ። ሶፊያን ደግሞ በኔ አምባር ምን እንዳደረጓት ልንገርሽ? ባለፈችበት ሁሉ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ሶፊያ እኮ ናት! ጉንዳን የማትረግጠዋ ሶፊያ! ትናንት አንዷን ሴትዮ ተሳድባ እያለቀሰች መጣች። በሳምንት ውስጥ!»

«ምንድን ነው የምትዪኝ ታዲያ?»

«አንቺ የሸመደድሺውን እኔ ሞከርኩት ነው የምልሽ።»

ልጅቱ እንዲህ ረጅም ንግግር ተናግራ አታውቅም። እንዲህ ዓይኗን ገልጣም ካየቻቸው ቆይቷል። ዓይኗ የእናቷ ነው፤ ይህን ረስተውት ነበር።

«ማታ ይጠይቀኛል» አሉ።

«አይ፣ የለም በይልኝ። ዛሬን ብቻ። ነገ መልሰን እንለዋወጣለን፣ ማንም አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ እማማ፣ በኔ ሞት!»

«እሺ፣ አንቺ ልጅ። እሺ አልኩሽ።»

ራት ቀረበ። አረንጓዴው አምባር ከጠረጴዛው በታች፣ የልጅቱ ጉልበት ላይ ነበር።

«ወይዘሮ ሄራን፣ እንደምን አመሹ? የውብዳር ዛሬ ተቆጥታለች?»

«አይ፣ አልተቆጣችም።»

«እናመሰግናለን። ዛሬ የደበቀችው ነገር አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ቢደርሱበትስ? ሐያት ያየች እንደሆነስ? ሶፊያ ልጅ ናት፣ አንድ ሲቆጧት ትዘከዝከዋለች። አስቀድሞ የተናገረ ምሕረት ያገኛል ይባላል፤ ደብቆ የተያዘ ነው የሚጠፋው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ፣ ሳይጠሩት፣ ከሥር ብቅ አለ። ለምን ሶፊያን መረጠች? ጉንዳን የማትረግጥ ልጅ ወስዳ እስክትሳደብ ያደረሰቻት ማን ናት? ሰው የመጉዳት ዝንባሌ ያሉት ይሄው ቢሆንስ?

«ወይዘሮ ሄራን?»

«አምባር» አሉ። «አምባር ለውጣለች። ልጅነት ነው፣ ምንም ክፋት የለበትም፣ እኔ ራሴ ነኝ የነገርኳችሁ፣ ይህን ያዙልኝ።»

«እናመሰግናለን።»

የውብዳር ሳህኗን አነሳች፣ አጠበች፣ ቦታው መለሰች። ቢላዎቹን ከሳህን ማድረቂያው ለቅማ ጠረጴዛው ላይ፣ አያቷ ፊት ደረደረቻቸው፣ እንዲቆልፉባቸው።

ጠዋት ሐያት በሩን ደበደበችው። ነጠላዋን እንኳ በቅጡ አላጣፋችም።

«የኔዋን ለጥያቄ ወሰዷት! ሰማሽ ሄራን? እኔን ምን አስነካኝ ብዬ፣ ጎረቤት ነው ብዬ ዝም ባልኩ! ያቺ ልጅ እንደምታመጣው አውቅ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ!»

«እባክሽ ሐያት፣ አብረው ያደጉ ልጆች...»

«አብረው ያደጉ! እኔ እኮ ከዚህች ጋር አትቆሚ ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ!»

የውብዳር ከክፍሏ በር ላይ ሆና ሰማቻት። ለሐያት ምራቅ ሳይደርቅ ትመለስ የነበረች ልጅ ናት።

የማዕከሉ ሰው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ዶክተር ኪሩቤል ይባላል። ወጣት ነው፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ የቀረበለትን ውሃ በሁለት እጁ ተቀበለ። እማማ ሄራን የልጅቱን ልብስ በሻንጣ አዘጋጅተው፣ ሻንጣውን ከሶፋው ኋላ ደብቀዋል። ማቆያ ስትገባ እንድትይዘው ይሁን ወይ ይዘዋት ለመሸሽ፣ ሲያዘጋጁት ለራሳቸውም አልተለየላቸውም።

«ማቆያ አትገባም» አለ ዶክተሩ፣ ገና ሳይጠይቁት። «እኔ የመጣሁት ለመናገር ነው። ደንቡ ያዛል፣ አምባር በመለወጡ ከጥናት የወጣ ሰው እውነቱ ይነገረዋል።»

«የምን ጥናት?»

«ማዕከሉ ንባቡ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበት፣ እማማ። ትንቢት በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚነጻጸርበት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥቂት ልጆችን ሳናነብ፣ በዕጣ ቀለም ሰጠናቸው። ቆቡ ይጠለቅላቸዋል፣ ግን አይሠራም። ማነጻጸሪያ ቡድን ይባላሉ።»

«በዕጣ?»

«ድሃ ሀብታም፣ ጨዋ ባለጌ ሳይባል። አለዚያ ጥናቱ አይታመንም።»

«የኔዋስ?»

«የእርስዎ ልጅ አልተነበበችም። ስለ እሷ የምናውቀው ነገር የለም። ኖሮንም አያውቅም።»

እማማ ሄራን እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸው ግን ሳያዙት ወደ አንገታቸው ሄዶ ቁልፉን ጨበጠ።

የውብዳር ከበሩ ላይ ተናገረች። «የሌሎቹስ? በዕጣ ቢጫ የወጣላቸው ልጆች ምን ሆኑ?»

«ተነብበው ቢጫ የሆኑት የሆኑትን ሆኑ» አለ። «ልዩነት አላገኘንም።»

«በዕጣ አረንጓዴ የወጣላቸውስ?»

«እንደ አረንጓዴዎቹ። ያማረ ውጤት ነው።»

«እንግዲያ ቆባችሁ የሚያነበው ነገር የለም።»

«ጎበዝ ነሽ» አለ ዶክተሩ። ፌዝ አልነበረበትም፤ ከልቡ ነው። «እኛ በዓመታት የደረስንበት ነው። ሪፖርቱም ይህንኑ ይላል።»

«ታዲያ ይቀራላ!» አሉ እማማ ሄራን።

«ቆቡ ይቀራል። ውድም ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቀለሙ የሚሰጠው በዕጣ ብቻ ነው።»

ከውጭ የበራሪ ድምፅ አለፈ። ዶክተሩ ውሃውን ተጎነጨ።

«ዕጣ ከሆነ» አሉ እማማ ሄራን፣ ቃል በቃል እየፈለጉ፣ «ለምን ለሁሉም አረንጓዴ አትሰጧቸውም?»

«ተሞክሯል፣ እማማ፣ በአንድ ከተማ። ሰዉ በሩን ሁሉ ቆለፈ። የሚፈራውን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሁሉንም ይፈራል። ቢጫ ባለበት ሰፈር ግን የቀረው ሰው በሰላም ይተኛል። ይህም ተጠንቷል።»

«እኔም አንድ ልጠይቅ» አለች የውብዳር። «እማማ ማታ ማታ ስትመልስ የኖረችው ይሰረዛል?»

«አይሰረዝም። ስምሽ ይወጣል፣ መልሶቹ ግን የማዕከሉ ናቸው።»

«ደግ ነበረች ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

ዶክተሩ ጣሪያውን አየና በቅንነት አሰበበት። «እንደሱ የሚል ጥያቄ መጠይቁ ላይ የለም» አለ።

ከዚያ የገዛ ራሷን አረንጓዴ አምባር አወጣና በእጇ ላይ አሰረላት። ሊወጣ ጫማውን ሲያጠልቅ ልጅቱ ተከተለችው። «ሶፊያስ?»

«ሶፊያ በእነዚህ ቀናት ሰው ተሳድባለች፤ ተመዝግቧል። ክትትል ያስፈልጋታል።»

«በኔ አምባር ነው እኮ! ቀለሙ ነው ያደረጋት፣ አሁን አንተው አላልክም?»

«ብዬአለሁ» አለ፤ እና ለእማማ ሄራን እጅ ነስቶ ወረደ።

በማግሥቱ እማማ ሄራን መሳቢያውን ከፈቱ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሌሊቱን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው የደረሱበት ነገር ቢኖር አንድ ነው።

«የውብዳር፣ እስቲ ከሱቅ ጨው አምጪልኝ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምራቄ ሳይደርቅ» አሉ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ።

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። እርምጃዋ ደረጃውን ሲወርድ ሰሙት፤ ፈጠነ፣ ከዚያ ሮጠ፣ እንደ ልጅነቷ። እማማ ሄራን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። መልካም ነው። ሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሱቁ ቅርብ ነው። ግን ወዴት ታጠፈች? ትናንት በሶፊያ ነገር ፊቷ እንዴት ነበር? ሐያትን መንገድ ላይ ብታገኛትስ? ልጅ ናት፣ የከፋት ልጅ ናት፣ ዝም ያለች ልጅ ደግሞ... ጫማቸውን አላደረጉም፤ እንዳይሰማ በባዶ እግራቸው ሲሚንቶውን ረግጠው፣ መደገፊያውን ይዘው ወረዱ።

የሱቁ በር ምንም ሳይላት ተከፈተላት። ከውሃ ታንከሩ ኋላ ሆነው አዩ። ጨዉን ይዛ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከታንከሩ በታች የአያቷን ባዶ እግር አየች።

ፊት ለፊታቸው መጥታ ቆመች፣ ጨዉን በሁለት እጇ ዘረጋች። ጠበቀች። የሚባለው አንድ ቃል እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

እማማ ሄራን ጨዉን ተቀበሉ። ዓይናቸው ግን ሳያስቡት ቀድሞ ወደ ልጅቱ ኪስ ሄደ። ኪሷን አዩ፣ እጅጌዋን አዩ፣ ከዚያ የፕላስቲኩን እሽግ ገልበጥ አድርገው አዩ።

«እደጊ» አሉ ከዚያ በኋላ። «እደጊ፣ የኔ እናት።»

የውብዳር አልፋቸው ደረጃውን ወጣች፣ በዝግታ። የቤቱ በር ሲዘጋ እስከ ታች ተሰማ።

ራት ተበላ። ሳህኑ አልተነሳም። የእማማ ሄራን ግድግዳ ዝም አለ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠይቀው የለውም። በመካከሉ ካለው ስስ ግድግዳ ማዶ፣ ከሐያት ቤት፣ ያ ትሑት ድምፅ በደንብ ይሰማል።

«ወይዘሮ ሐያት፣ እንደምን አመሹ? ሶፊያ ዛሬ ተቆጥታለች?»

ሐያት የመለሰችው አልተሰማም። ረጅም ነበር፤ ልቅሶ ነበረበት።

«እናመሰግናለን» አለ ድምፁ።

እማማ ሄራን ወንበራቸው ላይ ወደ ባዶው ግድግዳ ዞረው ተቀምጠዋል፣ እንደ ማታው ሁሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው።

«ትንሽ» አሉ። «በሩን በኃይል ነው የዘጋችው።»

የውብዳር ሳህኖቹን አነሳች።

«ማንም አልጠየቀሽም፣ እማማ» አለች።